የፍሬን አየርን በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ በቤት ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያለው መልስ ሁሉ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያላቸውን የቤት መኪናዎች፣ ፒክአፖችና ሚኒባሶች የሚመለከት ሲሆን፣ በታመቀ አየር ፍሬን የሚይዙ ከባድ የጭነት መኪናዎችንና አውቶቡሶችን አይመለከትም።

ፍሬን ውስጥ አየር ገባ ሲባል ምን ማለት ነው?

ፔዳሉ ሲረገጥ የእግር ጉልበት በፍሬን ማስተር (ጉልበቱን ወደ ዘይት ግፊት በሚለውጠው ዋና ሲሊንደር) በኩል ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፤ ዘይቱም በብረትና በጎማ ቱቦዎች ውስጥ አልፎ በየጎማው ያሉትን ካሊፐሮች (ፓዱን በዲስኩ ላይ የሚጫኑትን) ወይም የታምቡር ሲሊንደሮች (ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፉትን) ይገፋል። ይህ አሠራር የተመሠረተው ፈሳሽ በግፊት የማይጨመቅ በመሆኑ ላይ ነው። አየር ግን ይጨመቃል። በመስመሩ ውስጥ ጥቂት አየር ካለ ጉልበቱ በመጀመሪያ የሚያልቀው አየሩን በማመቅ ስለሆነ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ወደ ወለሉም ይወርዳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲረግጡት ግን ከፍ ብሎ ይይዛል።

አየር የሚገባው አንድ ክፍል ተፈትቶ ሲገጠም፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ሲደርቅ ወይም የሚያፈስ ቦታ ሲኖር ነው። ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድም አለ፤ ያረጀ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ የሰበሰበው እርጥበት ፍሬኑ ሲግል ይተንናል፣ እንፋሎቱም እንደ አየር ይጨመቃል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስለሆነ፣ በደህና ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ምንም ምልክት ያላሳየ ፍሬን እዚያ ድንገት ባዶ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ከተለመደው «ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ» በምን ይለያል?

በተለመደው ዘዴ አንድ ሰው ፔዳሉን እየረገጠ ይይዛል፣ ሌላው ደግሞ ጎማው ሥር ሆኖ ማስተንፈሻ ብሎኑን (ዘይትና አየር የሚወጣበትን ትንሽ ብሎን) ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ዘይቱ ከላይ ወደ ታች ይገፋል። የቫኪዩም ፓምፕ ግን ከብሎኑ በኩል ይስባል። በመሆኑም ፔዳል የሚረግጥ ረዳት አያስፈልግም፤ ዋናው ጥቅሙም ይኸው ነው። ሌላው ጥቅም ያረጀ ማስተርን ከጉዳት መጠበቁ ነው፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ሲረገጥ የማስተሩ ውስጠኛ ጎማዎች በወትሮው ወደማይደርሱበት ዝገትና ቆሻሻ ወዳለበት ቦታ ተገፍተው ሊቧጨሩ ይችላሉ።

ጉድለትም አለው። ፓምፑ የሚፈጥረው የስበት ልዩነት ቢበዛ ከአንድ ባር ያነሰ ሲሆን፣ በእግር የሚመጣው ግፊት ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አሮጌ ዘይትን በአዲስ ለመተካት ፓምፑ በጣም ምቹ ነው፤ ጥግ ይዞ የተቀመጠን አየር ለማስወጣት ግን አንዳንድ ጊዜ አይበቃም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሥራውን በፓምፕ ጀምሮ፣ በመጨረሻ በየጎማው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በእግር ማስረገጥ ከሁሉም የተሻለ አካሄድ ነው።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ጌጅና መሰብሰቢያ ጠርሙስ ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ፣ ከብሎኑ ጫፍ ጋር ጥብቅ ብሎ የሚገጥም የማያፈስ ቱቦ፣ ባለ ቀለበት ቁልፍ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ ክሪክ፣ መኪናውን ቆመው የሚይዙ የብረት መደገፊያዎች፣ ታኮ፣ ንጹሕ ጨርቅና በቂ ውሃ ያስፈልጋል። የማስተንፈሻ ብሎን መጠን በብዙ ትናንሽ መኪናዎች 8፣ 10 ወይም 11 ሚሊ ሜትር ነው። አፉ ክፍት የሆነ ቁልፍ የብሎኑን ጠርዝ ስለሚበላው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ያለውን መጠቀም ይመረጣል። ለመላው መኪና ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ዘይት ይበቃል።

መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሳለ ከሥሩ መግባት በፍጹም አይገባም። መሬቱ ደረቅና ደልዳላ መሆን አለበት፤ ግቢው ተዳፋት ከሆነ ሥራውን ሌላ ቦታ መሥራት ይሻላል።

የትኛው ዓይነት የፍሬን ዘይት ነው የሚገባው?

በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ነው። በአገራችን ብዙ ከሚታዩት እንደ ቪትዝና ኮሮላ ካሉ ቶዮታዎች በአብዛኛዎቹ ላይ ዶት 3 (DOT 3፣ የፍሬን ዘይት ደረጃ ስም) የሚል ይገኛል። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ሦስቱም መሠረታቸው ግላይኮል ስለሆነ ቢቀላቀሉም ጎማ አይጎዱም፤ ስለዚህ ዶት 3 በሚጠይቅ መኪና ላይ ዶት 4 መጨመር ይቻላል። ዶት 5 ግን ስሙ ቢቀራረብም ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይዋሃድም፣ ኤቢኤስ (ሲረገጥ ጎማ ተይዞ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት) ባለው መኪና ላይም አይጨመርም።

የደረጃዎቹ ልዩነት በዋናነት የመፍያ ሙቀት ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ለዶት 4 ተመሳሳዮቹ ቁጥሮች 230 እና 155 ናቸው። ይህ ልዩነት ዳገትና ቁልቁለት ለሚያዘወትር አሽከርካሪ ትርጉም ያለው በመሆኑ ዶት 4ን መምረጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያረጀ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 ያነሰ መሆኑን ከቁጥሮቹ ልብ ማለት ይገባል። ከተከፈተ ዕቃ ላይ እየተቀዳ የሚሸጥ ዘይት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ፣ ምን ያህል እርጥበት እንደጠጣ ስለማይታወቅ አይገዛም።

ዘይቱ በየስንት ጊዜ ይቀየራል?

ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ መኪናው ቆሞ ቢከርምም ዘይቱ እርጥበት መሳቡን ስለማያቆም ኪሎ ሜትር ብቻውን መለኪያ አይሆንም። ቀለሙ እንደ ቡና መጥቆሩ ያረጀ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ጠርቶ መታየቱ ግን ውሃ እንደሌለበት ማረጋገጫ አይደለም።

በየትኛው ጎማ ይጀመራል?

መመሪያ መጽሐፉ የሚለው ከሁሉ ይቀድማል። መመሪያ ከሌለ የተለመደው ልማድ ከማስተሩ በጣም ከራቀው ጎማ ጀምሮ ወደ ቅርቡ መምጣት ነው፤ ማስተሩ በግራ ባለበት መኪና ይህ ማለት የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ የግራ ፊት ማለት ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ መኪና ከሆነ ማስተሩ በየትኛው ጎን እንዳለና ቱቦዎቹ በየት በኩል እንደሚሄዱ ኮፈኑን ከፍቶ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

የፊት ጎማን ከተቃራኒው የኋላ ጎማ ጋር የሚያያይዝ መስመር ያላቸው የፊት ጎማ የሚነዱ ትናንሽ መኪናዎች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ላይ አንዳንድ አምራቾች የቀኝ ኋላ፣ የግራ ፊት፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት የሚለውን ተራ ያዛሉ። በተግባር ግን ቅደም ተከተሉን ከመሳት ይልቅ ማጠራቀሚያውን ማድረቅ እጅግ የከፋ ስሕተት ነው፤ ተራው ቢሳሳት አንድ ዙር መድገም ይበቃል፣ ማጠራቀሚያው ከደረቀ ግን አየሩ ከላይ ገብቶ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍተው የማጠራቀሚያውን ዙሪያ ያጽዱ፤ ክዳኑን ሲከፍቱ አቧራ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። በማጠራቀሚያው ያለውን ጥቁር ዘይት በፓምፑ ወይም በንጹሕ ስሪንጅ ሳቡና አዲስ ዘይት ይሙሉበት፤ ይህን ማድረግ አሮጌውን ዘይት በረጅሙ መስመር ውስጥ ከመጎተት ያድናል። ሆኖም ማስተሩ ውስጥ አየር እንዳይገባ የማጠራቀሚያውን የታች ቀዳዳዎች እስኪያጋልጥ ድረስ አይሳብም። ከዚያ ጎማውን ፈተው ማስተንፈሻ ብሎኑን ያግኙ፤ በካሊፐሩ አናት ወይም ታምቡሩን በያዘው ቆርቆሮ ጀርባ ላይ ያለችው መሐሏ ቀዳዳ የሆነ ትንሽ ብሎን ናት። ብዙውን ጊዜ የጎማ ቆብ አላት። ቆቡን አንሥተው ዙሪያውን በብሩሽ ያጽዱ፤ ቀለበት ቁልፉን አስቀድመው ያስገቡ፣ ቱቦውን ከዚያ በኋላ ይግጠሙ።

አሁን ብሎኑ እንደተዘጋ ፓምፑን ጨብጠው ጌጁ ከ15 እስከ 18 ኢንች ሜርኩሪ (በጌጁ ላይ ያለ የስበት መለኪያ)፣ በታምቡር ፍሬን ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 15 እስኪያሳይ ይሳቡ። ጌጁ ከወዲሁ የሚወርድ ከሆነ ቱቦው አንድ ቦታ ያስተነፍሳል ማለት ስለሆነ መጀመሪያ እርሱን ያስተካክሉ። ጌጁ ከጸና ብሎኑን በሩብ ዙር፣ ቢበዛ በግማሽ ዙር ይክፈቱ፤ ዘይቱ በቱቦው ሲመጣ ይታያል። ጌጁ ወደ ዜሮ ከመድረሱ በፊት ደግመው ይጨብጡ ወይም ብሎኑን ይዝጉ። የመሰብሰቢያ ጠርሙሱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ እንዳይሞላ ይጠንቀቁ፤ ዘይት ወደ ፓምፑ ከገባ ውስጡን ያበላሻል።

አዲሱ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድረስ ይህን ይደጋግሙ፤ በየመሐሉም ወደ ማጠራቀሚያው ተመልሰው ዘይት ይጨምሩ። ማጠራቀሚያው ከውስጥ በሁለት የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ጎን ሙሉ ሆኖ ሌላው ሊጎድል ይችላል። ብሎኑ ተከፍቶ ሳለ ማንም ፔዳሉን እንዳይነካ አስቀድመው ለቤተሰቡ ይንገሩ፤ መኪና ውስጥ መጫወት የሚወድ ልጅ ካለ በሩን ይቆልፉ። ሲጨርሱ ብሎኑን ዘግተው ቱቦውን ያንሡ። ብሎኗ ውስጧ ባዶ ስለሆነ በቀላሉ ትቆረጣለች፤ በብዙ ትናንሽ መኪናዎች ማጥበቂያዋ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ይህም አጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ብቻ እንደማጥበቅ ነው።

ጌጁ አዲስ አበባ ላይ ከ22 በላይ አይወጣም፤ ፓምፑ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ፓምፑ ከዙሪያው ካለው የአየር ግፊት በላይ ስበት መፍጠር አይችልም። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት ወደ 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ግን 22.5 አካባቢ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር እዚህ ያለን አየር የጅቡቲውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው የሚገፋው። ድሬዳዋ ላይ ጌጁ ወደ 26 ሊደርስ ይችላል። ከአሜሪካ የሚመጡ ፓምፖች ጌጃቸው ብዙ ጊዜ እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ የተሰመረ ስለሆነ፣ መርፌው የመጨረሻውን ሩብ መንገድ ሳይነካ ሲቀር ገዢዎች ፓምፑን እንደ አሮጌ ይቆጥሩታል።

ለሥራው ያን ያህል ስበት አያስፈልግም። በዲስክ ፍሬን ላይ ከ15 እስከ 18፣ በታምቡር ፍሬን ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ይበቃል። በታምቡሩ ሲሊንደር ውስጥ ያሉት ጎማዎች የተሠሩት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ዘይትን ለመያዝ በመሆኑ፣ ጠንካራ ስበት ሲመጣባቸው ከንፈራቸው ሸሽቶ አየር ከውጭ ሊያስገቡ ይችላሉ። ብዙ መሳብ ሥራ ያፋጥናል ብሎ ማሰብ በዚህ ቦታ ላይ ተቃራኒውን ያመጣል።

አረፋው ማለቂያ የለውም፤ ምን ይደረግ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይጠየቃል። ብሎኑ ሲላላ በጥርሱ ዙሪያ ክፍተት ይፈጠራል፤ ፓምፑም ዘይቱን ከውስጥ ሲስብ አየርን ደግሞ በዚያ ክፍተት ከውጭ ይስባል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ የሚታየው የማያቋርጥ ሰንሰለት መሰል አረፋ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬኑ የመጣ ሳይሆን እዚያው ብሎኑ ጥግ የገባ ነው። በስበት ውስጥ ያለ አየር ስለሚለጠጥ ደግሞ ጥቂቱ ብዙ መስሎ ይታያል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብሎኑን በትንሹ ይክፈቱ፤ በተከፈተ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ለፍሬን ጎማ የሚስማማ የሲሊኮን ግራሶ በብሎኑ ጥርስ ዙሪያ መቀባት ይረዳል፤ ተራ ግራሶ ግን ጎማ ስለሚያሳብጥ አይቀባም። ቴፍሎን የሚጠቀሙም አሉ፤ እንዲህ ሲደረግ ቴፍሎኑ በጥርሱ ላይ ብቻ እንዲሆን፣ የብሎኑን ጫፍና የጎን ቀዳዳውን በፍጹም እንዳይሸፍን ማድረግ ግዴታ ነው። ቱቦው ከብሎኑ ጫፍ ላይ ልል ከሆነም ጠባብ ቱቦ ይፈልጉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጥቃቅን አረፋ ከታየ ሊትር ሙሉ ዘይት ከማባከን ይልቅ ብሎኑን ዘግቶ ፔዳሉን መመርመር ይገባል። ስለ ፍሬኑ የሚፈርደው ፔዳሉ እንጂ ቱቦው አይደለም። ፔዳሉ ከፍ ብሎ ጠንካራ ከሆነ ሥራው አልቋል። ከለሰለሰ ግን ረዳት ጠርቶ በየጎማው ጥቂት ጊዜ በእግር ማስረገጥ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ከብሎኑ የሚወጣው በግፊት ስለሆነ የሚታየው አረፋ እውነተኛ አየር ነው።

ብሎኑ አልፈታ አለ፤ ወይም ተፈትቶ ምንም አይወጣም።

የደረቀን ብሎን በጉልበት ማዞር ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ብሎኑን በመቁረጥ ነው፤ ከተቆረጠ ደግሞ በመሰርሰሪያ ማውጣት ወይም ካሊፐሩን መቀየር ይመጣል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩበት፤ በማግሥቱ በትንሽ መዶሻ አናቱንና ዙሪያውን ቀስ ብለው ይምቱ፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ወደ ማጥበቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ መፍታት በጥቂቱ እያነቃነቁ ይሞክሩ። አራቱም ብሎኖች እንደሚፈቱ ሳያረጋግጡ ከማጠራቀሚያው ዘይት መሳብ አይመከርም።

ብሎኑ ተፈትቶ ዘይት ካልመጣ ቀዳዳው በዝገትና በጭቃ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ነቅለው በቀጭን ሽቦ ያጽዱትና መልሰው ይግጠሙት። ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ አሁንም ካልመጣ የጎማው ቱቦ ከውስጥ አብጦ ተዘግቶ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ቱቦ የሚያስቀይር እንጂ በፓምፕ የሚፈታ ችግር አይደለም።

አየሩ ወጥቷል፤ ፔዳሉ ግን አሁንም ለስላሳ ነው።

በቅድሚያ ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፤ ጠንክሮ መቆም አለበት። እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ሲያስነሡ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ይህ የፍሬኑ አጋዥ (የእግርን ጉልበት የሚያበዛው ክፍል) ሥራውን መጀመሩን የሚያሳይ ጤናማ ምልክት ነው፤ ብዙዎች ግን አየር የቀረ ይመስላቸዋል። ከዚያ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቀው ረግጠው ይያዙት። ምንም የሚያፈስ ቦታ ሳይኖር ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ጥፋቱ የማስተሩ ውስጠኛ ጎማ ነው።

የማይሰምጥ ነገር ግን ሩቅ ሄዶ የሚይዝ ፔዳል ደግሞ የታምቡሩ ሸራ ከታምቡሩ በጣም መራቁን ያመለክት ይሆናል። ይህን ለማወቅ ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርገው የእጅ ፍሬኑን በጥቂቱ ይሳቡና ፔዳሉን ደግመው ይርገጡ። ፔዳሉ በግልጽ ከፍ ካለ የኋላ ሸራውን ማቅረብ እንጂ አየር ማውጣት አያስፈልግም። ይህ ቀላል ሙከራ ሳይደረግ ቀርቶ ያለ ምክንያት የሚቀየረው ማስተር ብዙ ነው። ሲረገጥ እንደ ፊኛ የሚነፋ ያረጀ የጎማ ቱቦም ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣል፤ አንድ ሰው እየረገጠ ሌላው ቱቦውን በእጁ ቢይዘው እብጠቱ ይታወቃል።

የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት በስሕተት ተጨምሯል፤ ማስተካከል ይቻላል?

መኪናውን አያንቀሳቅሱ። የፍሬን ጎማዎች የተሠሩት ግላይኮልን እንዲችሉ ነው፤ የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ ቤንዚንና ናፍታ ያሳብጧቸዋል፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፍሬኑ ተይዞ እንዲቀር ወይም ጭራሽ እንዳይዝ ያደርጋል። ስሕተቱ የታወቀው ማጠራቀሚያው ላይ ብቻ ሳለ፣ ፔዳሉም ሳይረገጥ ከሆነ፣ ማጠራቀሚያውን አውርዶ አጥቦና አድርቆ መመለስ፣ መስመሩንም በብዙ አዲስ ዘይት ማጠብ ሊያድን ይችላል። ተረግጦና ተነድቶ ከሆነ ግን ማስተሩ፣ ካሊፐሮቹ፣ የታምቡር ሲሊንደሮቹና የጎማ ቱቦዎቹ መታደስ ወይም መቀየር አለባቸው። ለመጠራጠር ምክንያት ካለ ጥቂት ጠብታ በብርጭቆ ውሃ ላይ ይጨምሩ፤ የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፣ የሞተር ዘይት ይንሳፈፋል። የፍሬን ክፍሎችን በቤንዚን የማጠብ ልማድም በዚሁ ምክንያት መቅረት አለበት።

የወጣውን ዘይት መልሶ መጠቀም ይቻላል?

አይቻልም፤ ጠርቶ ቢታይም አየርና እርጥበት አለው። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ሳይውል ሳያድር በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ቀለሙን ይልጠዋል። በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አዲስ የፍሬን ዘይት ቀለሙ ስስ ሻይ ስለሚመስል ልጅ ይጠጣዋል፣ መርዝም ነው። ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ታሽጎና ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ወደ ቱቦና ወደ ወንዝ አይደፋ።

አዲስ ካሊፐር ወይም ማስተር ከተገጠመ በኋላ አየሩ እንቢ ያለው ለምንድን ነው?

ካሊፐሩ ከሆነ መጀመሪያ የማስተንፈሻ ብሎኑን ቦታ ይመልከቱ። ብሎኑ ሁልጊዜ ከካሊፐሩ አናት ላይ መሆን አለበት፤ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ። የግራና የቀኝ ካሊፐሮች በብዙ መኪናዎች ላይ ተቀያይረው ይገጥማሉ፤ ከተቀያየሩ ብሎኑ ከታች ይሆንና አየሩ ከላይ ታፍኖ ይቀራል፤ አሥር ሊትር ዘይት ቢያልፍበትም አይወጣም።

ማስተሩ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ሆኖ ተገጥሞ ይሆናል። አዲስ ማስተር መኪናው ላይ ከመገጠሙ በፊት በጠረጴዛ ማሰሪያ ተይዞ፣ ከሁለቱ መውጫዎቹ አጫጭር ቱቦዎች ወደ ራሱ ማጠራቀሚያ ተመልሰው ዘይት ውስጥ ተነክረው፣ ፒስተኑ አረፋ እስኪያቆም ድረስ በቀስታ መገፋት አለበት። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ከጎማ በኩል ብቻ የሚሳብ ከሆነ በማስተሩ ውስጥ የተያዘው አየር ረጅም ጊዜ ያስቸግራል።

የሃይሉክስና የመሳሰሉት የኋላ ፍሬን ዘይት በደንብ አይመጣም፤ ለምን?

ብዙ ፒክአፖችና የጭነት ሚኒባሶች በኋላ አክስል በላይ የጭነቱን ክብደት አይቶ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። ከሻንሲው ወደ አክስሉ በሚዘረጋ ዘንግ ወይም ሞላ ይታወቃል። መኪናው ከሻንሲው ተደግፎ የኋላ አክስል ተንጠልጥሎ ከቀረ ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ መንገዱን ያጠባል፤ ዘይቱም ይቀንሳል። ስለዚህ መደገፊያውን በሻንሲው ሳይሆን በአክስሉ ሥር ማድረግ ተገቢ ነው፤ ይህም አክስሉን መኪናው መሬት ላይ ቆሞ እንደሚሆነው ያደርገዋል።

በአንዳንዶቹ ላይ ቫልቩ ራሱ የማስተንፈሻ ብሎን አለው፤ በጭቃ ተሸፍኖ ስለሚቆይ ማንም አያስታውሰውም። አራቱ ጎማዎች ተሠርተው የኋላው አሁንም ከለሰለሰ እዚያ ላይ መድገም ይገባል።

ኤቢኤስ፣ ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ መኪና በእጅ ፓምፕ ይሠራል?

ኤቢኤስ ያለው ተራ መኪና ማጠራቀሚያው ሳይደርቅ ዘይት ለመቀየር ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። አየር ወደ ኤቢኤሱ ክፍል ከገባ ግን ቫልቮቹ ስለሚዘጉበት በፓምፕም በእግርም አይወጣም፤ ቫልቮቹንና ውስጠኛውን ሞተር የሚያንቀሳቅስ የምርመራ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

ሃይብሪዶች (ነዳጅና ኤሌክትሪክ አጣምረው የሚሠሩ መኪናዎች) ሌላ ጉዳይ ናቸው። በውጭ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ለታክሲ የሚነዱት ፕሪየስ ፍሬኑ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሲሆን ግፊት አስቀድሞ የሚያከማች ፓምፕ አለው፤ የሾፌሩ በር መከፈት ብቻ ሥርዓቱን ሊያነቃው ይችላል። እጅ ካሊፐሩ ላይ እያለ ግፊት መምጣቱ አደገኛ ነው፤ የመስመሩም ማስተንፈስ የሚጠናቀቀው በምርመራ ኮምፒውተር በሚሰጥ ትእዛዝ ነው።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በርካታ ኤሌክትሪክ መኪናዎች መንገድ ላይ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ዘይት የሚባል ነገር የቀረላቸው ይመስላቸዋል። የፍሬን ዘይት ግን አላቸው። ሞተሩ ራሱ የመኪናውን ፍጥነት እየቀነሰ ኃይል ስለሚመልስ ሸራውና ፓዱ ብዙ ዓመት ይቆያሉ፤ ዘይቱ ግን እንደ ማንኛውም ዘይት እርጥበት ይስባል። የፎልክስዋገን አይዲ 4 የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ነው፤ አጋዡም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። እንዲህ ዓይነቱን መኪና ወደ ጋራዥ ሲወስዱ ባለሙያው የሞዴሉን የማስተንፈሻ ትእዛዝ የሚሰጥ ኮምፒውተር እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከሌለው ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ።